በግድብና በጉድጓድ ውኃ ውስጥ ስለሚያይ ፎቶግራፍ ማንሻ፤ ስለ ጥቅሙና ስለ አያያዙ የቀረበ ትምህርት

ለክቡራን አስተዳዳሪዎች፤ ለመሬት ባለይዞታዎችና ለወረዳ ሹማምንት።

ውኃን በግድብ አቁሞ ለመጠጥና ለመስኖ ማዋል ለአገር ልማት ከሚደረጉት ሥራዎች ሁሉ ከፍ ያለ ዋጋ ያለው መሆኑ የታወቀ ነው። ነገር ግን ግድብ እንደ ቤትና እንደ ድልድይ ሁለንተናው ለዓይን የሚታይ ሥራ አይደለም። ቤት ሲያፈስ ባለቤቱ ወዲያው ያውቃል፤ ድልድይ ሲሰነጠቅ የሚያልፍበት መንገደኛ ሁሉ ያየዋል። የግድብ ግን ጉዳት የሚጀምርበት መሠረቱ፤ ውኃ የሚወሰድበት በሩና የብረት ወንፊቱ ዓመቱን በሙሉ ከውኃ በታች ተሰውረው ይኖራሉ። ስለዚህ ብዙ ግድብ የሚመረመረው ከተበላሸ በኋላ ነው፤ ይኸውም ውኃው ሲጎድል፤ ወይም በሩ አልከፈት ሲል፤ ወይም ከግድቡ ግርጌ ምንጭ ያልነበረበት ቦታ ውኃ ሲያፈልቅ ነው። አባቶቻችን «ሳይርቅ በቅርቡ፤ ሳይደርቅ በእርጥቡ» ያሉት ለእንደዚህ ያለው ነገር ይስማማል።

በዛሬው ጊዜ ግን ከውኃ በታች ያለውን ነገር ከዳር ሆኖ ለማየት የሚያስችል፤ በመዳፍ የሚያዝ፤ ግጭትንና የውኃን ክብደት የሚችል ትንሽ ፎቶግራፍ ማንሻ (ካሜራ) በየገበያው ይገኛል። ይህ ጽሑፍ የሚያስረዳው የመሣሪያውን አሠራር፤ የሚጠቅምበትንና የማይጠቅምበትን ጊዜ፤ ከሁሉም ይልቅ ደግሞ የሰው ሕይወት በከንቱ እንዳይጠፋ እንደምን እንደሚረዳ ነው።

፩. ስለ ገፈርሳ ውኃ

ለምሳሌ የሚሆነንን ግድብ ሩቅ ሄደን መፈለግ አያስፈልገንም። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ በአምቦ መንገድ 18 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዙ፤ በ2015 ዓ.ም. ከሰበታና ከሱሉልታ ከሌሎችም የዙሪያ ከተሞች ጋራ ወደ ሸገር ከተማ በተጠቃለለችው በቡራዩ፤ የገፈርሳ ግድብ ይገኛል። ይህ ግድብ በ1930ዎቹ ዓ.ም. ለዋና ከተማዪቱ የመጠጥ ውኃ ለማቅረብ ተሠርቶ፤ ከዚያም በኋላ በየጊዜው እየተሻሻለ እስከ ዛሬ ድረስ ሲያገለግል ቆይቷል። ከእርሱ በኋላ የለገዳዲ ግድብ በ1960ዎቹ መጀመሪያ፤ የድሬ ግድብ ደግሞ በ1990ዎቹ ተሠርተው ጭነቱን ቢያቃልሉለትም፤ የገፈርሳ ውኃ ዛሬም የሚናቅ አይደለም።

የገፈርሳ ሁኔታ ለሌሎቹ ግድቦች ሁሉ ትምህርት የሚሆንባቸው ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛ፤ ግድቡ ዕድሜው የገፋ ስለ ሆነ ግንቡና ብረቱ በየጊዜው መታየት ይገባዋል። ሁለተኛ፤ በዙሪያው ያለው አገር በእርሻና በቤት ሥራ ስለ ተነካ በክረምት ጎርፍ አፈር ያወርድበታል፤ አፈሩም ደለል ሆኖ ከሥር ይተኛል። ሦስተኛ፤ ከባሕር ወለል በላይ 2,600 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለ በመሆኑ፤ ወደ ውስጡ ለሚጠልቅ ሰው ከባሕር ይልቅ የሚያሰጋ ነው። ይህን ሦስተኛውን ነገር ብዙ ሰው ስለማያውቀው ወደ ታች በስፋት እንገልጸዋለን።

፪. ሰው ከመስደድ በፊት መሣሪያ መስደድ ስለሚገባ

በአንድ የመስኖ ግድብ የውኃ መልቀቂያው በር በግንድ ወይም በሣር ቢዘጋ፤ የብዙ ሰው የመጀመሪያ አሳብ በዋና የታወቀ አንድ ጎበዝ ፈልጎ «ግባና ክፈተው» ማለት ነው። ይህ አሳብ ከቅንነት የመጣ ቢሆንም እጅግ አደገኛ ነው። ምክንያቱም እንደሚከተለው ነው።

ውኃ ክብደት አለው። በ10 ሜትር ጥልቀት ላይ ያለ ውኃ በእያንዳንዱ ካሬ ሳንቲ ሜትር ላይ 1 ኪሎ ያህል ይጫናል። እንግዲህ የበሩ አፍ 30 ሳንቲ ሜትር በ30 ሳንቲ ሜትር ቢሆንና ከበሩ ወዲያ ያለው ቧንቧ ባዶ ቢሆን፤ በ10 ሜትር ጥልቀት በዚያ አፍ ላይ የሚጫነው ኃይል 900 ኪሎ ነው፤ ይህም 9 ኩንታል እህል በአንድ ጊዜ እንደ መሸከም ያለ ነው። በሩን የዘጋውን ግንድ ዋናተኛው ፈንቅሎ ሲያነሣው፤ ውኃው የእርሱን እጅ ወይም እግር በግንዱ ፈንታ ጎትቶ ያስገባዋል። በዚያን ጊዜ ጓደኞቹ በገመድ ቢስቡትም ሊያስለቅቁት አይችሉም። ከላይ ሲያዩት ውኃው ጸጥ ብሎ ተኝቶ ስለሚታይ አደጋው አይታወቅም፤ «ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል» የተባለውም ለዚህ ነው።

ሁለተኛው አደጋ የከፍታው ነገር ነው። በአየር ጠርሙስ እየተነፈሰ የሚጠልቅ ሰው በጥልቁ ሳለ ናይትሮጅን የተባለው የአየር ክፍል በደሙና በሥጋው ውስጥ ይሟሟል። ሲወጣም ግፊቱ እየቀነሰ ስለሚሄድ ያ አየር ቀስ ብሎ መውጣት ይኖርበታል፤ ፈጥኖ ቢወጣ ግን እንደ ተከፈተ የለስላሳ ጠርሙስ አረፋ ሠርቶ መገጣጠሚያን ያሳምማል፤ አካልን ያሰንፋል፤ ይገድላልም። በባሕር ዳርቻ 10 ሜትር ጠልቆ የወጣ ሰው ግፊቱ በግማሽ ይቀንስለታል። በገፈርሳ ግን ከውኃው በላይ ያለው የአየር ግፊት የባሕሩን ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለ ሆነ፤ ያው 10 ሜትር ጠልቆ የሚወጣ ሰው ግፊቱ ከግማሽ በታች ይወርዳል። ስለዚህ ለባሕር የተሠራው የመጥለቂያ ሰዓት ሠንጠረዥ በደጋ ውኃ እንዳለ አይሠራም፤ ለከፍታ የተዘጋጀው ሠንጠረዥ ያስፈልጋል። ደግሞም ጠልቆ የወጣ ሰው ወዲያው በመኪና ወደ እንጦጦ ወይም ወደ ሌላ ከፍ ያለ ተራራ መውጣት አይገባውም።

ሦስተኛ፤ በቆላና በወይና ደጋ ውኃ ብልሃርዝያ የተባለው በሽታ ስላለ፤ ሰው በውኃው ውስጥ በቆየ መጠን ለበሽታው የተጋለጠ ይሆናል።

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ካሜራ ቢጠፋ ገንዘብ ይጠፋል፤ ገንዘብም ይተካል። ሰው ቢጠፋ ግን የሚተካው የለም። ስለዚህ በሩን የዘጋው ምን እንደ ሆነ፤ ወንፊቱ ተሰብሮ እንደ ሆነና እንዳልሆነ፤ ደለሉ እስከ የት እንደ ደረሰ አስቀድሞ በመሣሪያ ታይቶ፤ የግድ ሰው መግባት የሚያስፈልገው ሆኖ ቢገኝ፤ በሩ በሁለቱም ወገን ተዘግቶና የግፊቱ ልዩነት መጥፋቱ ተረጋግጦ፤ የተማረ ጠላቂ ከነረዳቱ ይግባ። ያልተማረ ዋናተኛን ወደ ግድብ በር ማስገባት በማንኛውም ምክንያት የተገባ አይደለም።

፫. መሣሪያው እንደምን እንደ ተጀመረ

ከውኃ በታች ፎቶግራፍ ማንሣት አዲስ ነገር አይደለም። ሉዊ ቡታን የተባለ የፈረንሳይ ሊቅ በ1893 እ.ኤ.አ. በባንዩልስ ሱር ሜር ባሕር ውስጥ ሆኖ ፎቶግራፍ አንሥቷል፤ መሣሪያው ግን ከባድ ሣጥን ስለ ነበር ለብዙ ሰው የሚሆን አልነበረም። በ1963 እ.ኤ.አ. ኒኮን የተባለው የጃፓን ድርጅት ኒኮኖስ የተባለውን ካሜራ ለገበያ ባወጣ ጊዜ፤ ተጨማሪ ሣጥን ሳያስፈልገው በራሱ ውኃ የሚችል ትንሽ ካሜራ በጠላቂዎች እጅ ገባ። በ1986 እ.ኤ.አ. ደግሞ ጄሰን ጁኒየር የተባለች ትንሽ ተሽከርካሪ ካሜራ ይዛ 3,800 ሜትር ያህል ጥልቀት ላይ ወደ ተኛችው ወደ ታይታኒክ መርከብ ውስጥ ገብታ ሰው ሊደርስበት የማይቻለውን ስፍራ አሳየች።

ይህ ከመሆኑ በፊት የጠላቂ ሥራ ምን ያህል አስቸጋሪ እንደ ነበረ በቀይ ባሕር ከሆነው ነገር ለመረዳት ይቻላል። በ1941 እ.ኤ.አ. ኢጣሊያኖች የምጽዋን ወደብ ለቀው ሳይወጡ መርከቦቻቸውንና ተንሳፋፊ የመርከብ መጠገኛዎቻቸውን ሆን ብለው አሰጠሙ። በ1942 እ.ኤ.አ. ኤድዋርድ ኤልስበርግ የተባለው የአሜሪካ የባሕር ኃይል መኰንን የሰጠሙትን እንዲያወጣ በተላከ ጊዜ፤ የተቀደደውን ብረት መርምረው የሚመለሱለት ጠላቂዎቹ ነበሩ። ዛሬ ይህን የመሰለውን የመጀመሪያ ምርመራ በአንድ ክንድ የምትለካ ተሽከርካሪ ልትሠራው ትችላለች።

፬. ስለ መሣሪያው አካልና ስለ ውኃው ክብደት

የውኃ ውስጥ ካሜራ ሦስት ዋና ዋና ክፍሎች አሉት፤ እነዚህም ማቀፊያው፤ መስታወቱና የጎማ ቀለበቱ ናቸው።

ማቀፊያው ከጠንካራ ፕላስቲክ፤ ከአሉሚኒየም፤ ከማይዝግ ብረት ወይም ከቲታኒየም ይሠራል። ጥልቀቱ በጨመረ መጠን ብረቱም የጠነከረ መሆን ይኖርበታል። ለመረዳት ያህል፤ ስፋቱ ከዳር እስከ ዳር 5 ሳንቲ ሜትር የሆነ ክብ መስታወት በ20 ሜትር ጥልቀት 40 ኪሎ ያህል፤ በ100 ሜትር ደግሞ 2 ኩንታል ያህል ጭነት ይሸከማል።

መስታወቱ ሜዳ የሆነ እንደ ሆነ በውኃ ውስጥ ያለው ነገር ከእውነቱ በሩብ ያህል የቀረበና በሲሶ ያህል የገዘፈ መስሎ ይታያል። ስለዚህ በሥዕሉ ላይ አንድ ጣት የሚያህል ስንጥቅ ታይቶ እንደ ሆነ፤ መለኪያ ሳይኖር «ይህን ያህል ነው» ብሎ መጻፍ ስሕተት ያመጣል። እንደ ጉልላት የተሠራ መስታወት ይህን ጉድለት ያቃናል።

የጎማ ቀለበቱ በሣጥኑ መክደኛ ዙሪያ ያለ ትንሽ ነገር ነው፤ ነገር ግን መሣሪያውን ሁሉ የሚጠብቀው እርሱ ነው። አንዲት የጤፍ ፍሬ የምታህል አሸዋ ወይም አንድ ጠጉር በላዩ ቢቀር ውኃ በዚያ በኩል ገብቶ ካሜራውን ያጠፋዋል።

በገበያ ያሉት ካሜራዎች የሚችሉት ጥልቀት ልዩ ልዩ ነው። ጎፕሮ የተባለው ትንሽ ካሜራ የቅርብ ዓመታት ሥሪቱ ብቻውን 10 ሜትር፤ በመጥለቂያ ሣጥኑ ደግሞ 60 ሜትር ይችላል። ኦሊምፐስ ቲጂ 6 የተባለው ብቻውን 15 ሜትር፤ ከሣጥኑ ጋራ 45 ሜትር ይችላል። ብሉ ሮቦቲክስ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት የሚሠራት ባለ ሽቦ ተሽከርካሪ እንደ ማቀፊያዋ ዓይነት 100 ወይም 300 ሜትር ትወርዳለች። እንግዲህ ገዢው አስቀድሞ የሚሠራበትን ውኃ ጥልቀት ማወቅ አለበት። ለአንድ ወረዳ የመስኖ ግድብ የሚበቃው ካሜራ፤ በ2001 ዓ.ም. ለተጠናቀቀው፤ ቁመቱ 188 ሜትር ለሆነው ለተከዜ ግድብ አይበቃም። ደግሞም በሻጩ ሣጥን ላይ «አይፒ 68» የሚል ጽሕፈት መኖሩ ብቻውን አያስተማምንም፤ ይህ ምልክት መሣሪያው ሠሪው በወሰነው ጥልቀትና ሰዓት ውኃ እንደማይገባው ይናገራል እንጂ፤ ለየትኛውም ጥልቀት ይሆናል ማለት አይደለም። ስንት ሜትር ለስንት ሰዓት እንደሚችል በጽሑፍ ይጠየቅ።

፭. ስለ ብርሃንና ስለ ድፍርስ ውኃ

ውኃ ብርሃንን ይበላል። ከቀለማትም መጀመሪያ የሚጠፋው ቀዩ ነው፤ በጠራ ውኃ እንኳ 5 ሜትር ያህል ከወረዱ በኋላ ቀይ ነገር ጠቁሮ ይታያል። ስለዚህ የዛገ ብረት ዝገቱ እንዲታወቅ ካሜራው የራሱን መብራት ይዞ መውረድ ይገባዋል።

በአገራችን ከጨለማው የባሰ ችግር የሚሆነው ግን ድፍርሱ ነው። መረሬው አፈር እጅግ የላመ ስለ ሆነ በውኃ ውስጥ ተንሳፎ ብዙ ቀን ይቆያል። በእንጦጦ ዳገት በጉም ውስጥ መኪና የነዳ ሰው እንደሚያውቀው፤ መብራት በጨመሩ መጠን ጉሙ ይነጣል እንጂ መንገዱ አይታይም። በድፍርስ ውኃም እንዲሁ ነው። መብራቱ ከካሜራው ዓይን አጠገብ ከተደረገ የሚያበራው ድፍርሱን ነው። ስለዚህ መብራቱ ከካሜራው ራቅ ብሎ በግራና በቀኝ በኩል ተደርጎ አግድም እንዲያበራ ማድረግ ያስፈልጋል።

መሣሪያ ከመግዛትና ባለሙያ ከመጥራት በፊት የውኃውን ጥራት ለማወቅ ወጪ የሌለው ዘዴ አለ። አንጄሎ ሴኪ የተባለ የኢጣሊያ ካህንና የሥነ ፈለክ ሊቅ በ1865 እ.ኤ.አ. የውኃን ጥራት በክብ ሰሌዳ መለካት ጀመረ፤ ሰሌዳውም እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። አሠራሩ እንዲህ ነው። ወርዱ 20 ሳንቲ ሜትር የሆነ ክብ ቆርቆሮ አራት ላይ ተከፍሎ ጥቁርና ነጭ እየተፈራረቀ ይቀባል፤ ከሥሩ ድንጋይ ታስሮ በየግማሽ ሜትሩ ቋጠሮ ባለው ገመድ ወደ ውኃው ይወርዳል። ሰሌዳው ከዓይን የጠፋበት ጥልቀት ተጽፎ ይያዛል። ሰሌዳው ሁለት ሜትርና ከዚያ በላይ ወርዶ የሚታይ ከሆነ ካሜራው መልካም ሥራ ይሠራል። በአንድ ክንድ ውስጥ የሚጠፋ ከሆነ ግን ካሜራው ከግድግዳው አንድ ስንዝር ያህል ካልቀረበ ብዙ አያይም። ይህ ልኬት በየወሩ ቢያዝ ለምርመራ የሚስማማው ወር የትኛው እንደ ሆነ ያስታውቃል። አብዛኛውን ጊዜ ጎርፉ ካቆመ በኋላ፤ አፈሩ ረግቶ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ይሻላል።

ውኃው ሁልጊዜ ድፍርስ ለሆነበት ስፍራ ደግሞ አንድ ብልሃት አለ። ግልጽ ከሆነ ፕላስቲክ የተሠራ ሣጥን ንጹሕ ውኃ ተሞልቶ ከካሜራው ፊት ይገጠማል፤ ሣጥኑም ከግንቡ ጋራ ይጣበቃል። በዚህ ጊዜ ካሜራው የሚያየው በንጹሑ ውኃ በኩል ስለ ሆነ በድፍርሱ መካከል እንኳ ስንጥቅን ለይቶ ያሳያል። ሰፊ ስፍራ መቃኘት ሲያስፈልግ ግን በብርሃን ፈንታ በድምፅ የሚያይ ሶናር የተባለ መሣሪያ አለ፤ ድምፅ በድፍርስ ውኃ አይከለከልምና።

፮. የትኛውን ዓይነት መምረጥ እንደሚገባ

መሣሪያው በሦስት ይከፈላል።

አንደኛው፤ ትንሽ ካሜራ በረዥም ቀርከሃ ወይም በቧንቧ ጫፍ ታስሮ የሚወርድ ነው። ዋጋው ከአንድ ጥሩ የእጅ ስልክ ዋጋ ብዙ አይርቅም። ጉድለቱ፤ የራዲዮ ሞገድ በውኃ ውስጥ ስለማያልፍ፤ ሥዕሉ የሚታየው ካሜራው ከወጣ በኋላ መሆኑ ነው። ጥልቀቱ ከ5 ሜትር ለማይበልጥ ለወረዳ ኩሬ፤ ለቦይና ለበር ይህ ይበቃል።

ሁለተኛው፤ በሽቦ ተንጠልጥሎ የሚወርድና ሥዕሉን ወዲያውኑ በላይ ባለው ስክሪን የሚያሳይ ነው። ለጥልቅ ጉድጓድና ቀጥ ላለ የግድብ ግድግዳ ይስማማል።

ሦስተኛው፤ የራሷ ማራገቢያ ሞተርና መብራት ያላት፤ ከዳር በሽቦ የምትነዳ ተሽከርካሪ ናት። ዋጋዋ በብዙ ሺህ ዶላር የሚቆጠርና የሠለጠነ ሰው የሚፈልግ ስለ ሆነ፤ እያንዳንዱ ወረዳ ለየብቻው ቢገዛት ገንዘብ ማባከን ይሆናል። ብዙ ወረዳዎች በአንድነት ቢገዟት፤ ወይም ክልሉ ገዝቶ በተራ ቢያዞራት የተሻለ ነው። ለምሳሌ በአማራ ክልል በመራዊ አጠገብ ያለው፤ 7,000 ሔክታር ያህል እርሻ ለማጠጣት የተሠራው የቆጋ ግድብና በዙሪያው ያሉት ትንንሽ ግድቦች በአንድ መሣሪያ ሊመረመሩ ይችላሉ።

፯. የምርመራው ሥርዓት

አንድ፤ የግድቡን ባለቤት መሥሪያ ቤት ፈቃድ መጠየቅ። ገፈርሳን የመሰለ የመጠጥ ውኃ ከሆነ ያለ ውኃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ፈቃድ ማንም መሣሪያ ማስገባት የለበትም፤ የሚገባውም መሣሪያ አስቀድሞ በክሎሪን ውኃ መታጠብ ይገባዋል።

ሁለት፤ የውኃውን በሮች መዝጋት፤ ዘበኛም ማቆም፤ ሥራው እስኪፈጸም ማንም እንዳይከፍት በጽሑፍ ማዘዝ።

ሦስት፤ በግድቡ አናት ላይ ከግራ ወደ ቀኝ በየ5 ሜትሩ ምልክት ማድረግ፤ የካሜራውንም ሽቦ በየሜትሩ ምልክት ማድረግ። በዚህ አኳኋን የታየው ጉዳት የት እንዳለ ኋላ ለማግኘት ይቻላል።

አራት፤ ካሜራውን ሳይቸኩሉ ከላይ ወደ ታች ማውረድ። ወደ ወለሉ ሲቀርብ ደለሉን እንዳይነካ መጠንቀቅ፤ ደለሉ አንድ ጊዜ ከተነሣ ያ ቀን በከንቱ ያልፋልና።

አምስት፤ በካሜራው ፊት በሳንቲ ሜትር የተከፈለ አጭር በትር ማሰር፤ ወይም በመካከላቸው 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሁለት የሌዘር ብርሃን ማብራት። ያለ መለኪያ የተነሣ ሥዕል ስለ ስንጥቅ ስፋት ምስክር ሊሆን አይችልም።

ስድስት፤ ስንጥቅ ታይቶ ውኃ በእርሱ እየሰረገ መሆኑ ቢያጠራጥር፤ ባለሙያው ለጤና የማይጎዳ ቀለም በአጠገቡ ይለቃል፤ ቀለሙ ወደ ስንጥቁ ተስቦ ከገባ ስርገት መኖሩ ይታወቃል። በመጠጥ ውኃ ግን ይህ ያለ ልዩ ፈቃድ አይደረግም።

ሰባት፤ ቀኑን፤ የውኃውን ከፍታ፤ የሰሌዳውን ልኬት፤ የስፍራውን ቁጥርና ጥልቀቱን በመዝገብ መጻፍ። በሚመጣው ዓመት በዚያው ወር በዚያው ስፍራ ደግሞ ማንሣት። የአንድ ዓመት ሥዕል ስንጥቅ መኖሩን ብቻ ይናገራል፤ የሁለት ዓመት ሥዕል ጎን ለጎን ሲታይ ግን ስንጥቁ ማደጉንና አለማደጉን ይናገራል። ለአስተዳዳሪ የሚያስፈልገውም ይህ ሁለተኛው ነው።

፰. ስለ መሣሪያው አያያዝ

ብዙ መሣሪያ የሚበላሸው በውኃ ውስጥ ሳለ ሳይሆን ከመግባቱ በፊትና ከወጣ በኋላ ነው። ሣጥኑ የሚዘጋው በደረቅና አቧራ በሌለበት ክፍል ይሁን እንጂ በውኃው ዳር ቆሞ አይዘጋ፤ እርጥብ አየር በውስጡ ከቀረ በቀዝቃዛው ውኃ ጊዜ መስታወቱን ያላብበዋል። እርጥበት የሚመጥ ትንሽ ከረጢትም ይጨመርበት። የጎማው ቀለበት በንጹሕ ጨርቅ ተጠርጎ የሲሊኮን ቅባት በስሱ ይቀባ፤ የተሰነጠቀ ቢሆን ወዲያው ይለወጥ። ካሜራውን ከማስገባት በፊት ባዶው ሣጥን ብቻውን ለግማሽ ሰዓት ወደሚሠራበት ጥልቀት ወርዶ ይሞከር፤ ባዶ ሣጥን ውኃ ቢገባው የሚጠፋ ነገር የለም።

ከአንዱ ውኃ ወደ ሌላው ከመውሰድ በፊት መሣሪያው፤ ገመዱና ጀልባው ታጥበው በፀሐይ ይድረቁ። እንቦጭ የተባለው አረም በቆቃ ውኃና በአዋሽ ወንዝ፤ ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በጣና ሐይቅ ምን ያህል ጉዳት እንዳደረሰ ሁሉም ያውቃል። በገመድ ላይ ተጠምጥሞ የሚሄድ አንድ ቅንጣት ወደ ንጹሑ ግድብ እንዳይገባ መጠንቀቅ የእያንዳንዱ ሹም ግዴታ ነው።

፱. ለጉድጓድና ለዓሣ ስላለው ጥቅም

ግድብ የሌለው ወረዳ ቢኖር ጉድጓድ የሌለው ወረዳ ግን አይገኝም። የመጠጥ ጉድጓድ ውኃው ባነሰ ጊዜ ብዙ ሰው «ምንጩ ደርቋል» ብሎ ሌላ ለመቆፈር ይነሣል። ነገር ግን ምክንያቱ የብረቱ ቧንቧ መበሳት፤ የወንፊቱ በዝገት መደፈን፤ ወይም የአሸዋ መሙላት ሊሆን ይችላል። በሽቦ የሚወርድ ቀጭን ካሜራ ይህን ለይቶ ያሳያል። ፓምፑ ከወጣ በኋላ ውኃው እስኪረጋ አንድ ቀን ቢታገሡ ሥዕሉ ጥርት ብሎ ይታያል። ወንፊቱን በማጠብ የሚድን ጉድጓድ ተትቶ አዲስ ቢቆፈር የሕዝብ ገንዘብ በከንቱ መጥፋቱ ነው።

ዓሣ የሚያረቡ ባለይዞታዎችም በኩሬአቸው ውስጥ ዓሣው መኖውን መብላቱንና አለመብላቱን፤ መረቡ መቀደዱንና አለመቀደዱን በዚሁ መሣሪያ ሊያዩ ይችላሉ። መኖ ከሥር ተኝቶ ከበሰበሰ ውኃውን አበላሽቶ ዓሣውን ይፈጃልና፤ ይህን አስቀድሞ ማየት ትልቅ ጥቅም አለው። ስለ ዓሣ እርባታ ምክር የሚፈልግ ሁሉ፤ ከቡራዩ ሩቅ ባልሆነችው በሰበታ ያለውን ብሔራዊ የዓሣና የሌሎች የውኃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል ቢጠይቅ መልካም ነው።

፲. ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ የተጻፈው በአጭሩ ሲነገር ይህ ነው። ካሜራ ግድብን አይጠግንም፤ ደለልንም አያወጣም፤ የተሰበረ ወንፊትንም አይተካም። ሥራው ማሳየት ብቻ ነው። ታይቶ ዝም ከተባለ፤ ሥዕሉም በመዝገብ ቤት ሣጥን ውስጥ ከተኛ፤ ካለማየት የባሰ ነው፤ ኋላ ጉዳት በደረሰ ጊዜ አስተዳዳሪው «አላወቅሁም» ለማለት አይችልምና። ደለሉ ወደ በሩ አፍ መቅረቡ ከታየ፤ ከግድቡ በላይ ያለው ተዳፋት እርከን ይሠራለት፤ ሣርና ዛፍ ይተከልበት፤ ዳር ድረስ የሚታረሰው ይከልከል። ወንፊቱ መበላሸቱ ከታየ በበጋው ይለወጥ እንጂ ክረምቱ አይጠበቅ። ስንጥቁ ማደጉ ከታየ ያለ መዘግየት ለመሐንዲስ ይነገር፤ ከግድቡ በታች ያለው ሕዝብም የሚሸሽበት መንገድ አስቀድሞ ይወሰን።

እያንዳንዱ አስተዳዳሪ በግዛቱ ያሉትን ግድቦች፤ ኩሬዎችና ጉድጓዶች ዝርዝር አስጽፎ፤ ከውኃ በታች ያለው አካላቸው በመጨረሻ የታየው መቼ እንደ ሆነ በየአንዳንዳቸው አጠገብ ያስጽፍ። ያ ስፍራ ባዶ ሆኖ የተገኘበት ግድብ ቢኖር፤ ዘንድሮ ውኃው በሚጠራበት ወር መጀመሪያ የሚመረመረው እርሱ ይሁን።